ዕረፍት

ቡኮባ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ቆርቆሮው ዝናብ የሚቆጥር፣ ደጁን የጋረደው የሙዝ አበባ፣
ያ የሙታሌምዋ ቤት ነው፤ የድሮው ፖስተኛ፣
ዛሬ ለዐሥራ አንድ ነፊ ዜማ የሚያድል መልእክተኛ።
እኔ ኖታ ገልባጩ ነኝ፤ አምስቱን መስመር አሰምራለሁ፣
እሱ በእርሳስ የሞነጫጨረውን በቀለም አጠራለሁ።

ቃል ግን አልጽፍም።
«ከዜማው ሥር ቃል ካየሁ ወረቀቱን አልቀበልም»
ብሎኛል በመጀመሪያው ቀን፣
በብስክሌት ዘይት እያሸ ትሮምቦን።

ምክንያቱን ኋላ ደረስኩበት።
ከጧቱ በአንድ ሰዓት የእንግሊዝኛው ጉባኤ ይገባል፣
በሦስት ሰዓት የስዋሂሊው፤ ወንበሩን እንደሞቀ ይረከባል።
መዝሙሩ ግን አንድ ነው፤ የአንዲት ዜማ ልጅ፣
ስም እየቀያየረ የሚጠራ በሁለት ደጅ።
ሰዎቹም ጎረቤት፣ ሰዎቹም አማች ናቸው፤
ከአራተኛው መስመር፣ ከአንዲት ድምፅ በቀር
ምን የሚያጣላ አላቸው?

እንግሊዝኛው ያቺን ድምፅ ይስባታል፣ እንደ መረብ ገመድ፣
ትንፋሽ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሳይቆርጥ፣ በአንድ መንገድ።
ስዋሂሊው ቀለም ይበዛበታል፤ ለሁለት ይከፍላታል፣
በመጥረቢያ አይደለም፤ እንደ ዳቦ ይቆርሳታል።
የኢሼንጎማ ሰርግ ላይ ባንድነት ዘመሩ፤
እዚያች ቦታ ሲደርሱ፣ እንደ ሁለት ታንኳ ተላትመው፣
ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ አኩርፎ ቀሩ።

ትራምፔቱ «አንድ ነው» ይላል፤ ቱባው «ሁለት» ይላል፤
ሙታሌምዋ ይጽፋል፣ ይፍቃል፤ ይጽፋል፣ ይፍቃል።
ወረቀቱ እዚያች ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።
ሚስቱ ኮኩጎንዛ፣ ደቃቅ ዓሣ ልታሰጣ ስታልፍ፣
ሳህኑን በወገቧ ይዛ፣ በመስኮት ብቅ ብላ፣
«ምቢሊ!» ትለዋለች፤ «ሁለት!» — ድምፅዋን ለሁለት ከፍላ፣
ሁለተኛዋን ትንሽ ዝቅ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እንደሚሻገር ሰው፤
ከዚያ ወደ ዓሣዋ። እሱም ያንን ኖታ መልሶ ፋቀው።

በመጋቢት፣ ሐይቁና ሰማዩ መለያ ሲያጡ፣
ኮኩጎንዛ አረፈች።
ነፊዎቹ ከየቤታቸው በዝናብ መጡ።
ሌሊቱን ያልተኛው ሰው አንድ ገጽ ሰጠኝ፣ «ለነገ» ብሎ፤
አራተኛው መስመር ላይ አንድም የለ፣ ሁለትም የለ፤
አንድ ምልክት ብቻ፣ እንደተጣመመ መንጠቆ፣ ባዶው ላይ ተሰቅሎ።
«ድምፅዋስ?» አልኩት።
«ዕረፍት ነው» አለ። «እንዳለ ገልብጠው።»
ዐሥራ አንድ ጊዜ ገለበጥኩት፣
ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያልኩት።

ከሙዙ ሥር ሁለቱም ጉባኤ፣ መጽሐፉን ከድኖ፣ ቆመ፤
የነሐሱ ድምፅ ወጣ፤ ከእርጥብ አፈር ሽታ ተጋጠመ።
ቃል የለም። ለማንም ልክ ያልተሰፋ ልብስ ነበር ዜማው፣
ማንም ገብቶ የሚለብሰው፣ ትከሻ ላይ የማይጠበው።

ከዚያ መጣች አራተኛዋ መስመር።
ዐሥራ አንድ ከንፈር ከነሐስ ተነሣ።
ፀጥ።
የአንድ ምት ያህል። አንድ ሕፃን አስነጠሰ።
ከኋላ አንድ ሽማግሌ በጉሮሮው ረጅም ድምፅ ጎተተ።
እኔ ገጹን ይዤለት ከጎኑ ነበርኩ፤
የሙታሌምዋን ከንፈር አየሁ፤
ትንፋሽ አልወጣውም፤ ግን ሁለት ጊዜ ተከፈተ፣
ሁለተኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ።

ባንዱ ቀጠለ። ባሻይጃ ዘግይቶ ገባ፤
ቱባው ዝናብ ጠጥቶ ነበር፣ እንደ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።
ማንም አልታዘበው።

በሳምንቱ፣ ልምምድ ላይ፣ ኢሼንጎማ ጠየቀ፦
«ያቺን ቦታ አሁንስ እንሙላት? በአንድ ወይስ በሁለት?»
ሙታሌምዋ ላጲሱን ከኪሱ አወጣ፣
አገላብጦ አየው፣
ለእኔ ሰጠኝ።
እስከ ዛሬ አለኝ። ትንሽ የዓሣ ሽታ አለው።