የዋርካው ልክ

እሁድ ነው፤ ማሽን የለ፣ ፈረቃ የለ፤
መካኒኩ ሱርያማን ማለዳ ደወለ፤
«አሮጌውን ከተማ ዛሬ አሳየኝ» አለ።
ሴት መሆኔን ያውቃል። አማርኛው ግን
እስካሁን ወንድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤
ሁለት ዓመት ሙሉ አላረምኩትም፣
እንዲህ ሲጠራኝ ደስ ይለኛል።

አሮጌ?
ሃዋሳ እኮ የእናቴ ታናሽ ናት።
ቀያሾቹ የመንገዱን ችካል ሲመቱ
እናቴ አጥር ላይ ተቀምጣ አይታለች።

እሱ የመጣው ከባክታፑር ነው፤
ጡቡ ቀይ፣ መስኮቱ ጥልፍ መሳይ እንጨት፣
አያቱም አባቱም በመሮ የኖሩበት።
እሱ ብቻ መሮውን ጥሎ የስፌት ማሽን ያክማል።
ስልኩን ከፍቶ ቤተ መቅደስ አሳየኝ፤
አምስት ጣሪያ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ተደፋ ሰፌድ፣
እያነሰ፣ እያነሰ፣ ወደ ላይ የሚሄድ።
በደረጃው ግራና ቀኝ ጠባቂዎች፤
ከታች ሁለት ጡንቸኛ፣ ጉልበታቸው ያስር ሰው፤
ዝሆኑ ደግሞ እነሱን ባስር የሚበልጣቸው፤
ከዝሆን አንበሳ፣ ካንበሳው ክንፋም አውሬ፣
እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ወጣሁት ቆጥሬ ቆጥሬ።
«በሩ ውስጥስ ማን አለ?»
«እኔም አላየኋት። የሚገቡት ካህናቱ ናቸው» አለ።
እሱ ብቻ አልገረመኝም፤
እኛንስ መቅደሱ ውስጥ ማን አስገብቶን ያውቃል!

በባጃጅ ዞርን።
ገብርኤል ደጅ ቀና ብሎ አየ፤ «ያምራል። አዲስ ነው።»
አደባባዩ ሐውልት ስር ቆመ፤ «ያምራል። አዲስ ነው።»
እንደ ጥራት ተቆጣጣሪ ማኅተም እያሳረፈ።
አፈርኩ፤
ማርጀት ያቃተኝ እኔ ይመስል።

ጉዱማሌ ስንደርስ ዝም አለ።
ዋርካው ጣሪያ በጣሪያ ላይ ደራርቧል፤
አባ ኮዳዎቹ፣ ራሰ በራ፣ በየእርከኑ፣
እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ጡረተኛ ዳኞች
ታች ያለነውን በጎን ዓይን ይመዝናሉ።
ከሐይቁ በኩል ነፋሱ የዓሣ ሽታ ያመጣል።
ስሩ አቶ ዋሪሶ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።
«ስንት ዓመቱ ነው?»
«እኔ ስመጣ ነበረ። አባቴም ሲመጣ ነበረ።
ፍቼ በደረሰ ቁጥር የተጣላ ሲታረቅበት ኖረ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱን ጠይቁት።»

ሱርያማን መዳፉን ቅርፊቱ ላይ አኖረ፤
እንደ ጠራቢ ልጅ፣ እንጨቱን በጣቱ ሰማ።
«በዚያ ቅዳሜ» አለ፣ «ምድር ስትናወጥ፣
ባለ አምስት ጣሪያው ቆመ። ጎረቤቱ ግን ወደቀ።
አባቴ ከፍርስራሹ እንጨት ለቀመ፣ ቁጥር ጻፈበት።
የድሮ ሰዎች ለክተው ወረቀት ላይ አስቀምጠው ነበር፤
በልኩ መልሰው አቆሙት።
ያልተለካው…»
ቃል አጣለት። እጁን ብቻ አራገፈ።

የሰፈራችን ዋርካ ትዝ አለኝ።
መንገድ ሲሰፋ በአንድ ጠዋት ሄደ።
ዛሬ ስለ ውፍረቱ ስናወራ
ክንዳችንን ዘርግተን እንዋሻለን፤
ጎረቤቴ ሎሚቴ ሦስት እቅፍ ትላለች፣ ባሏ ሰባት።

ሜትሬን ከቦርሳዬ መዘዝኩ፤
ወገብ የምለካበት፣ አንገት የምለካበት፣
ቢጫ፣ ጫፉ የተፋቀ።
አቶ ዋሪሶ ዜሮውን ባውራ ጣታቸው ያዙልን፤
እኔና ሱርያማን ስሩን እየተሻገርን ግንዱን ዞርነው፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
(አንዱ አባ ኮዳ ከላይ
ትከሻዬ ላይ የራሱን ማኅተም ጣለ)
አራት፣ አምስት፣
ከዚያ ዘጠና ሁለት።
የሸሚዝ ቁጥር በሚጻፍበት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፍኩት፤
ስምንት ሜትር ከአርባ ሁለት። ጉዱማሌ። እሁድ።

«ልብስ ልትሰፉለት ነው?» ብለው ሽማግሌው ሳቁ።
ሱርያማን አልሳቀም።
«የኛ ቤት ባለበት ነው የሚቆመው፤
ይሄ ግን እያደገ ነው፣ ልኩን ይለውጣል።
ለከርሞ መጥተህ ደግመህ ለካ።»

እሺ አልኩት።
ዛሬም አላረምኩትም።