ማንም አልሞተም

መጋቢት ነው፤ ገና ጎህ አልቀደደም፤ ጋሽ ድንበሩ ጥሩንባ ነፋ፤
የቱሉ ዲምቱ ንፋስ ድምፁን ይዞ ሽቅብ ገፋ
እስከ ብሎክ ሃያ ሁለት፣ እስከ አራተኛው ፎቅ፣
መብራት በርቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ እስኪጨነቅ።
ያ ጥሩንባ ሃያ ዓመት ለሞት እንጂ ለሌላ አልጮኸም፤
ለሠርግ ካርድ አለ፣ ለክርስትና ስልክ፤ እሱ ለዚያ አልተገዛም።

እትዬ ዘርፌ ወጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣
አንድ እግሯ በካልሲ፣ አንዱ ባዶ፣ በቅጡ ሳትነቃ፤
“ማነው?” አለች፣ ደረቷን በመዳፏ ደግፋ፣
“ማነው የሞተው ድንበሩ? ንገረኝ፣ ነፍሴ ሳትጠፋ!”

እሱም ወረቀት ዘረጋ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን፤
በእጅ ባትሪ አበራበት፣ ጠራረገ ጉሮሮውን፦
“ማንም አልሞተም!” አለ። “ማንም አልሞተም፣ ስሙ!
እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ተራርቃችሁ ቁሙ፤
አትጨባበጡ፣ አትሳሳሙ…”
እትዬ ዘርፌ መሬት ቁጭ አለች። ሳቀች፤ ደግሞ ሰደበችው፤
“ለሳሙና ነው እንዴ ልቤን የምታቆመው፣ አንተ ሰው?”

እኔ መዝጋቢ ነበርኩ፤ በብብቴ የሃምሳ ሉክ ደብተር፤
ደሚቱ፣ የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን፣ ቆማ ከየአጥር ሥር
ትጠይቃለች፦ “ከውጭ የመጣ አለ? ሳል? ትኩሳት?”
እኔ እጽፋለሁ። መልሱ “የለም” ነው፣ በየቤት፣ በየቤት።

ሙቀት መለኪያው አንድ ነው፤ ለሦስት ቀጣና ይዞራል፤
ባትሪው ሲደክም ደሚቱ በመዳፏ ታሸዋለች፤ ይነሳል።
ያን ጠዋት ግን፣ ብርዱ ነው መሰል፣ ሁሉን ሰው ሠላሳ ሦስት አለው፤
“በዚህማ ሁላችንም ሞተናል፣” አለች፤ “ጋሽ ድንበሩን ጥራው።”

ሃምሳ አለቃ ውብአንተ በሩን ከፈተና፣
ግንባሩ ላይ የተደገነውን አየና፣
ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ጀርባው ከግድግዳ እስኪነካ።
ደሚቱ ቀስ ብላ ክንዷን አወረደች፤
“አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ፣” አለች፤
ከአንጓው ላይ ለካች።
ምን እንዳስታወሰው አልጠየቅነውም፤
ደብተሬም ለዚያ ቦታ አልነበረውም።

ከብሎክ ሠላሳ አንዲት ልጅ እግር፣ ሕፃን አዝላ በጀርባዋ፣
ዝም ብላ ሰማችን፤ አጠገቧ ደርቆ ነበር ባልዲዋ።
“ሃያ ሰከንድ?” አለች። “ውሃ ከጠፋ እኮ ሁለት ሳምንቱ ነው።
እስኪ ቁጠሪልኝ፣ እህቴ፤ ሃያው የሚቆጠረው በምንድነው?”
መልሱ በራሪ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።
በማግስቱ ደሚቱ ከአህያ ጋሪ ጋር መጣች፤ አሥር ቢጫ ጀሪካን፣
ከአቃቂ በኩል ካለ ቦኖ፤ ማን እንደከፈለ አልነገረችን።
ደመወዟን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጥሩንባው ተለመደ። ሰው ትራሱን አገላብጦ ይተኛል፤
“ሳሙና ነው፣” ትላለች ሚስት፤ ባል “እ” ብሎ ያንኮራፋል።

ከፋሲካ በኋላ ሐሙስ፣ ድምፁ ረዘመ፤
ጋሽ ድንበሩ ወረቀት አልያዘም፤ ጨለማው ውስጥ ቆመ።
“የዕድራችን አባል…” አለ፤ “እትዬ ዘርፌ…” አለ፤
ጥሩንባውን ከአንዱ እጁ ለሌላው አቀበለ።
“በሽታው ይሁን፣ ልቧ ይሁን፣ ውጤቱ ገና አልመጣም፤
ድንኳን አንተክልም። ንፍሮ አንቀቅልም። ቀባሪ ከአሥር አይበልጥም።
ቤታችሁ ቆዩ፣” አለ፣ ሃያ ዓመት “ውጡ” ሲል የኖረው ሰው፤
ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ቀሪውን ንፋስ ወሰደው።

አንድም ሰው ደረጃውን አልወረደም።
ሴቶቹ በየሰገነቱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣
ቆመዋል፣ ሲሚንቶው ራሱ እንደለካቸው፣ ተራርቀው።

ደሚቱ ደብተሩን ጠየቀችኝ። ገጽ አሥራ አራት፣ በራሴ ጽሕፈት፦
“ዘርፌ ገመቹ፣ ስልሳ ሁለት ዓመት። ሳል፣ የለም። ሙቀት፣
ሠላሳ ሦስት።”

ያን ጠዋት ስቀን ነበር።