ሦስት ምስክር

ጣርማበር ዋሻ ውስጥ፣ ከግንቡ ጉያ ሥር፣
ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ብልጭታ የሚቆጥር
ሁለት የፕላስቲክ ገበታ ደርድረን፣
የሰማይ እንግዳ እንቆጥራለን አድረን።
ሙዮን ነው ስማቸው፤ ከአየር ጫፍ ተወልደው፣
በቅጽበት ዕድሜያቸው ዓለት ሰንጥቀው ወርደው፣
በሰው መሐል አናት፣ በመኪና ጣራ፣
ያልፋሉ፣ ሳይቀጥሩ፣ ሳይጠብቁ ተራ።

ውጭ፣ ከዋሻው አፍ፣ ጉም ከሚተኛበት፣
የሐምሌ ዶፍ ናቸው። እዚህ፣ ከተራራው አንጀት፣
ጠፈጠፍ ነው።
ጠብ።
ዝም።
ጠብ።

ቁጥሩን ወደ ደብረ ብርሃን ስንልክ በመስመር፣
መስመሩ ያነክሳል፤ አደራ አያከብር፤
አንዱን ዜሮ ብሎ፣ ዜሮን አንድ አድርጎ
ያደርሳል፣ የሳተውን በቀናው ውስጥ ሸሽጎ።
አንጓችን ያሳቃት ግን ሌላ ነው፦
ያችው የምንቆጥራት እንግዳ ራሷ፣ አልፎ አልፎ፣
ከኮምፒውተሩ ልብ ገብታ
አንዲት ቁጥር ገልብጣ ትሄዳለች።
"ቆጣሪውን የሚያስት ተቆጣሪ!" አለች፣ ጋቢዋን እየሳበች።

ስለዚህ ሕግ አለን። ለአራት ቃል ሦስት ምስክር።
እያንዳንዱ ምስክር ሦስት ሦስቱን ይዞ
"ድምራችሁ ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ?" ብሎ ይጠይቃል።
አንዱ ቃል ቢሳት፣ እነማን እንደጮኹ አይተህ
የሳተውን ታውቀዋለህ፤ ትገለብጠዋለህ፤ ይድናል።
ብቻውን የሚጮህ ምስክር ካለ ግን
ዋሾው እሱው ነው።
በእውነትና በእውነት መካከል ሦስት እርምጃ ባዶ ሜዳ ትተናል፤
አንድ እርምጃ የሳተ ቤቱን አያጣም።
ግጥምም ቤት የሚመታው ለዚህ ይሆናል፣
የጠፋ ቃል ቢኖር፣ በጓደኛው ድምፅ ሊፈለግ ይችላል።

አማርኛ ግን ሜዳ አልተወም።

ማታ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ኔትዎርክ ፍለጋ ወጣሁ፤
ስልኬን እንደ ፋኖስ ወደ ጉሙ አነሳሁ።
ከመሐል ሜዳ፣ ከሆስፒታሉ፣ የተቆረጠ መልእክት ገባ፦
"አጥናፉ አለ"

አራት ነጥብ የለውም።
ወንድሜ አለ? ወይስ የቀረች "ፈ" አለች፣
በሞላሌ ነፋስ ላይ የተንጠለጠለች?

ደወልኩ።
ሰፊነሽ፦ "ደህና ነው።"
ጎረቤቱ አለቃ ጽጌ፦ "ደህና ነው፣ ነይ ብቻ።"
በሚስቱ ስልክ ያነሳው፣ ድምፁን የማላውቀው ሰው፦
"ደህና ነው፣ ደህና ነው። ቀስ ብላችሁ ኑ።"

ሦስት ምስክር፣ አንድ ቃል።
ብቻዬን የምጮህ እኔ ነበርኩ፤
በሕጉ ዋሾዋ እኔ ነኝ።

ሒሳቡ ግን አንድ ነገር ይለምናል፦
ስሕተት ብርቅ ይሁን፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይምከር።
እነዚህ መክረዋል። እኛ አገር መርዶ በሌሊት አይወጣም፣
ጎሕ እስኪቀድ ይደበቃል።
እጅ ለእጅ ተያይዘው ባዶውን ሜዳ ተሻገሩ፣
ከአንዱ እውነት ወደ ሌላው፣ ዱካ ሳይተዉ።
ከሳሽ የሌለበት ችሎት ምን ይፈርዳል?

ሹፌራችን ሸዋንግዛው ወዴት ነው አላለኝም።
መስታወቱን ጠረገ።
ከወንበሩ ጀርባ የመንዝ ባና አውጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለ፣
ሞተሩን አስነሳ፣
የመዘዞን መንገድ ያዘ።
ሬዲዮውን ሲያጠፋው ነው ያወቅሁት።

ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ።
ዋሻው ያው ነው፤ የጭነት መኪና ሲያልፍ ግንቡ ያጉረመርማል።
መዝገቡን ገልጬ ወደዚያች ማታ ወረድኩ።
በአንጓች እጅ፣ በእርሳስ፣ አጥርታ ጽፋዋለች፦

ሦስት ሰዓት ከሩብ።
አንድ
አለፈ።