ሳይለሰልስ አውጪው

ከላስቲኩ ወጣ፤ ክብ፣ ስስ፣ ደረቅ፣
የተሰጣበት ሰሌን ዐሻራውን የተወበት፣
ደፈር ብለው ቢይዙት ቀጭ ብሎ የሚሰነጠቅ።

ውጭ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች፤
የኤድመንተን መስኮት በውስጥ በኩል በርዶ
ድመታችን ማሞቂያው ሥር ተጠቅልላለች።
እኔ በሰፊ ትሪ ለብ ያለ ውኃ ቀድቼ፣
ሳምንቱን አንሶላ ሲያጥፍ የከረመ እጄን
ዛሬ የሩዝ ወረቀት ላሳጥፈው ተነሥቼ።

ያስተማረችኝ ኛን ናት።
ዘጠኝ ዓመት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣
እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣
የሰው ሕመም ያደረበትን ነጭ አንሶላ
ወጥረን፣ አጋጥመን፣ አጥፈን፤
የጋራ ቋንቋችን ከሃያ ቃል ያላለፈ፣
እጃችን ግን አንድ ቀን እንኳ
ጫፍ ከጫፍ ያልተላለፈ።

ጡረታ የወጣች ዕለት ቁምሳጥኗን ባዶ አድርጋ
አንድ እሽግ ወረቀት ሰጠችኝ፤
በአየር ላይ ነክራ፣ በአየር ላይ ጠቅልላ፣
በዚያው በሃያ ቃሏ እንዲህ አለችኝ፦
«ሳይለሰልስ አውጪው።
ውኃ ውስጥ አትጠብቂው።
መክተፊያው ላይ አስተኚው፤ ራሱ ያውቃል።»

እኔ ምን ሰማሁ!
ሰባት ቀደድኩ በዚህ ዐርብ ብቻ፤
አንዱንማ እንደ ባቄላ ዘፍዝፌው
ጣቴ ላይ ቀረ እንደ ሙጫ።

መሙያው ተሰልፏል፤ ኪያሩ፣ ነጩ የሩዝ ኑድል፣
ካሮቱ እንደ ክር ተስቦ፣
የቶፉ ጥብስ፣ ናና፣ በሶብላ፣ የድንብላል ቅጠል፤
ጾም ነውና ሽሪምፑ ማቀዝቀዣ ይዋል።

ማጥቀሻው ግን ጠብ አመጣ።
የዓሣው መረቅ ከጠርሙሱ ሲወጣ
እትዬ ውዴ አፍንጫዋን ያዘች።
«ዐርብ ነው! ዓሣ ነው!» አለች።
ጌታሁን ሳቀ፤ «ዓሣውስ ድሮ ሞቷል፣
ይሄ ላቡ ነው። ላብ መቼ ያስገድፋል?»
«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሊቅ የሆንከው?»
«ከራበኝ ወዲህ።»
ጠቡ እንዲበርድ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አቀረብኩ፦
ባንዱ የዓሣው መረቅ ከሎሚ፣ ከስኳር፣ ከነጭ ሽንኩርት፣
ሚጥሚጣ በፍሬዋ ተከትፋበት፤
ባንዱ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ በአኩሪ አተር ሶስ የቀጠነ፤
ስሙ ነው እንጂ ቅቤ፣ እሱስ ጾመኛ ነው።

ትዕምርት ከክፍሏ ወጣች።
ከማክሰኞ ወዲህ አላናገረችኝም።
ደብዳቤ መጥቶላት ከሃሊፋክስ፣ ከውቅያኖስ ዳር፣
«ተቀብለንሻል» የሚል፣
እኔም «እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጠፋ?» ብዬ
አጥፌ፣ ዘርግቼ፣ ደግሞ አጥፌ፣
መልሼ አልሰጠኋትም።

ከጎኔ ቆመች። የተቀደዱትን ሰባቱን አየች።
አንድ ወረቀት አንሥታ ውኃው ላይ አዞረች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
«ገና ነው፣ ደረቅ ነው!» ልል አፌን ስከፍት
አወጣችው።
ድርቅ እንዳለ መክተፊያው ላይ አነጠፈችው።

ናናውን ስትደረድር፣ ኪያሩን ስታጋድም፣
እኔ ወረቀቱን አየሁት፤
ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያባብለው
ጠርዙ ቀስ ብሎ ሲተኛ፣
የሰሌኑ ዐሻራ ሲጠፋ፣
እንደ ሕፃን ቆዳ ሲለዝብ።
ከታች አጠፈች፣ ግራ ቀኙን አስገባች፣ ጠቀለለች፤
በስሱ ልባስ ውስጥ ናናው
አረንጓዴነቱን ሳይደብቅ ተቀመጠ።

«እማ፣ ያንቺ ለምንድን ነው የሚቀደደው?»
ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ።
«እጠብቀዋለሁ» አልኳት።
«ምን?»
«ውኃው ውስጥ። እጠብቀዋለሁ።»

ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ
ከዓሣው መረቅ ነክራ ገመጠች፤
እትዬ ውዴ ያላየ መስላ
ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

እጄን በፎጣ አደረቅሁ።
ደብዳቤው ማቀዝቀዣው አናት ላይ ነው፤
አራት ቦታ ታጥፏል፤
ጫፉ ከጫፉ አልተላለፈም።