ድምፅ ማዞሪያው

ከደቅ በታንኳ መጣ፣ በኬሻ ተጠቅልሎ፣
ሣጥኑን እርጥበት አሳብጦት፣ ጥቁር ቀለሙን ጥሎ፤
ስድስት ድንጋይ የሚበላ፣ እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብድ፤
ጀርባውን ስፈታው፣ የተርብ ቤት፣ አሸዋ፣ አመድ።

በመስተዋቱ ግንባር ላይ ከተሞች ተደርድረዋል፤
ሮማ፣ ካይሮ፣ ቤይሩት… ደቅ የለችም፤ ማን ያውቃታል?

ሽምብጥ ባለች ቤቴ፣ ከአርባ አንድ ወንድሞቹ ጎን
አኖርኩት። ባለቤቴ አየችና፣ «ደግሞ ይኼ የማን?»
«የሟች ነው» አልኳት። «ሁሉም የሟች ነው» ብላ ወጣች፤
ቀረሶ ልትገዛ ወደ ሐይቁ ወረደች።

ዝገቱን በነዳጅ አበስኩ፤ የላላች ክሩን ወጠርኩ፤
ድንጋዮቹን አጎረስኩት፤ ቀይ መርፌውን ገፋ አደረግኩ።

ተናገረ።
ድምፁን ሳጎላው ጥርት ይላል እንደ ደወል፤
ዝቅ ሳደርገው ግን፣ እንደ ደረቀ ደንገል
ይንኮሻኮሻል።

ቆይቶ ገባኝ።
እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ነው የተፋቀው ማዞሪያው፤
አሥር ዓመት ይሁን አሥራ አምስት፣ ሌሊት ሌሊት ያዞረው
ከጥፍር ጫፍ አላለፈም። ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ጆሮ አስጠግቶ፣
ኮቴ ሲሰማ ቀጭ አድርጎ፣ ሲርቅ ደግሞ ከፍቶ።

ወይዘሮ ጥሩአይነትን ወደቡ ላይ አገኘኋት፤
ባለቤትሽ ሌሊት ሌሊት ምን ይሰማ ነበር ብላት፣
«እኔ የምሰማው እሱን ነበር» አለች፤ ሳቋ ቀደማት።

ማጽጃ አለኝ፤ ሁለት ጠብታ ኮሽታውን ያጠፋዋል።
ጠርሙሱን ከፍቼ፣ አሽትቼ፣ መልሼ ዘጋሁ።
ይንኮሻኮሽ።
ዛሬ ማን ከልክሎታል?