ዝቅ ያለችው ላ

ከእሪ በከንቱ በላይ፣ ክፍል ሰባት ውስጥ ነው፣
ጥርሱ የተሸረፈ፣ የቆመ ፒያኖ፤
መኻሉ ላይ አንዲት ላ፣
ከቦታዋ የወረደች የጸጉር ስንጥቅ ያህል፣
ልክ ሆና አታውቅም፣ ስህተትም አትባል።

ቃኚው እኔ ነበርኩ። ዛሬም ያው ነኝ፣ ልሳኑ።
ካስማዋ ላልቶ ነው፤ ማታ ባጠብቃት ጠዋት ትወርዳለች።
"ተዋት" አለች የትናየት፣ ያኔ ተማሪ ናት፣
"ሰነፍ ብትሆንም ትሰማኛለች።"

በሰባ ስድስት ላይፕዚግ ሄደች፣ "ሁለት ዓመት" ብላ።
ሻንጣዋን እኔ ያዝኩ፦
ግማሹ የኖታ ወረቀት፣ ግማሹ በሶ።

ከዚያ ወዲያ ወሬዋ በፕሮግራም ወረቀት፦
ኦስሎ ሦስት ቫዮሊን፣ በርገን አንድ ኳርቴት፣
ሽልማት፣ ፍቺ፣ የሕፃናት መዘምራን፣
ለመርከብ ጣቢያ ምረቃ የታዘዘ የጥሩምባ ሥራ፣
ቀጥሎ አምስት ዓመት ዝም።

አንድ ጊዜ ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ ደረሰኝ፤
ልጄ አነበበልኝ፦
"አቀናባሪዋ ላን ሆን ብላ ታወርዳለች፤
ምስጢሩ ከጥንታዊ ዜማ ሳይሆን አይቀርም።"
የምን ጥንታዊ!
የላላ ካስማ ነው።

ባለፈው ጥር መጣች፣ በስልሳ ሦስት ዓመቷ፣
ለአራት ቀን፤ ኮንሰርት፣ ከዚያ በረራ።
በፒያሳ ወሰድኳት። ዶሮ ማነቂያ የለ፣
አስፋልቱ ሰፍቷል፣ አምፖሉ በዝቷል።
"ጥሩ መንገድ ነው" አለች። አላለቀሰችም።
ስለ መንገድ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እኔ ግን ኮርቻለሁ። ለእሷ መምጣት ብዬ
ካስማዋን በብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ፣
በመቃኛ ሹካ አንድ በአንድ ለክቼ፣
አርባ ዓመት ያቃተኝን ባንድ ሌሊት ረትቼ፣
ላን ላ አድርጌያታለሁ።

ተቀመጠች። ነካች። ደገመች።
እጇን አነሳች፣
በጨለማ ደረጃ ሲወርድ
አንድ እርከን እንደጎደለበት ሰው።
"የለችም" አለች።

መፍቻዬን አወጣሁ። ልክ የሆነን ነገር
ማሳት ቀላል መስሎኝ።
አወረድኩ፦ በዛ። መለስኩ፦ አነሰ።
ለልክ ሹካ አለው ሰው፤
ለዚያች ስህተት መለኪያ ከወዴት ይምጣ?
በየቀኑ እየሰማኋት ኖሬ ጆሮዬ ውስጥ የለችም፤
ባጠበቅኋት ቁጥር ስረሳት ኖሬያለሁ።

የትናየት ዓይኗን ጨፈነች።
አፏን ሳትከፍት አንዲት ድምፅ አወጣች፣
ቀጭን፣ ያልተንቀጠቀጠች፣
አርባ አንድ ዓመት በየከተማው ይዛት የዞረች፣
ከኔ ፒያኖ የወሰደቻት።
መፍቻውን አዞርኩ፣
በጸጉር ስንጥቅ፣ ደግሞ በስንጣቂው ስንጣቂ፣
"እዚያ" እስክትል ድረስ።
"እዚያ። በቃ። አትንካት።"

ማክሰኞ፣ ከሄደች በኋላ፣ አንድ ተማሪ መጣ፦
"ጋሽ ልሳኑ፣ የክፍል ሰባት ላ ወርዳለች።"
"እሺ" አልኩት፣ "ሰሞኑን አያታለሁ፤
መፍቻዬን ቤት ረስቼው ነው።"

መፍቻው ኪሴ ነበር።