ቢሞቅም የማይቀል ውሃ

ከቦርከና ማዶ፣ ከማቅለሚያው ጀርባ፣
ጨው ጭኖ ሲኖትራክ ከአፍዴራ ገባ።
አንድ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ሌላ አለ፣
ከሌላውም ኋላ ሌላ እየቀጠለ።
«ለማን ወጥ ነው ይሄ?» አለ አያ ይመር፣
ዘበኛ ነውና ሁሉን የሚቆጥር፤
«ሀገር ቢበላው እንኳ የማይጨርሰውን ጨው
ጉድጓድ የሚደፋ ሰው ምን አበሳጨው?»

ጦይባ አልመለሰችም።
ቦቲዋን አጥልቃ፣ ጥቁሩ ላስቲክ ጠርዝ ላይ ቆማ፣
መጀመሪያ ከባዱን፣ ጨው የጠገበውን ውሃ ከታች አስተኛች፤
ቀጥሎ ቀለል ያለ፣ ቀጥሎ ቀለል ያለ፣
ለታመመ ልጅ ብርድ ልብስ እንደሚደርብ ሰው
ቀስ ብላ እየደረበች፤
ከሁሉ በላይ ጨው ያልነካው የቧንቧ ውሃ።
«አይደባለቅም?» አልኳት።
«ካልነካኸው አይደባለቅም።»

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦይለር ያነደድኩ ሰው ነኝ፤
ናፍጣ ሲገኝ በናፍጣ፣ ሲጠፋ በባሕር ዛፍ ግንድ።
ሙቀት ማለት ለእኔ የሚጮህ ነገር ነው፣
የሚያጨስ፣ ቅንድብ የሚበላ።
ዝም ያለ ውሃ ሥር እሳት ይተኛል ሲሉኝ
ሳቄን በክንዴ አፈንኩት።

ፀሐይ ትገባለች፣ መውጫው ይጠፋታል።
ሌላ ውሃ ቢሆን የሞቀው ይነሣል፣
ወደ ላይ ይሮጣል፣ ለነፋስ ያወራል፣
ቀን ያገኘውን ሀብት በአንድ ሌሊት ያጠፋል።
ይሄኛው ግን ሸክሙ አያስነሣውም፤
ቢሞቅም አይቀልም።
«ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል»
እያልን ጨውን ስናስፈራራው ኖርን፤
ለካ ድንጋይነቱም ሥራ ነበረው።

በጥቅምት አርባ አንድ፣ በኅዳር ሃምሳ ሦስት።
ጦይባ ቴርሞሜትሩን በሲባጎ ታወርዳለች፣
በልጇ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ትጽፋለች።
እጄን ከላይ ብነክር ብርድ ነው፣ ከደሴ የወረደ የጧት ብርድ፤
ከታች፣ ክንዴ በማይደርስበት፣
በጥር መጨረሻ ሰማንያ ሁለት።

በየካቲት ከሐረጎ ቁልቁለት ነፋስ መጣ።
ኩሬው ተሸበሸበ፣ የላዩ ከሥሩ ተነካካ፤
በሦስት ቀን አሥራ አንድ ዲግሪ ጠፋ።
ጦይባ ደብተሩን ዘግታ መሬት ላይ ተቀመጠች።
መላውን ያመጣው አያ ይመር ነው፦
ባዶ ሃይላንድ ለቅሞ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በገመድ ሰክቶ፣
እንደ ሙስበሃ ዶቃ ውሃው ላይ ዘረጋው፤
ሞገዱ እዚያ ደርሶ ይሰበራል።
«እንግዲህ ለማን ወጥ ነው?» አልኩት።
«ዝም በል፣ ይተኛበት» አለኝ።

ትናንት ሌሊት መብራት ሄደ።
ከቢራ ፋብሪካው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ጨለመች፤
ሽቅብ ባይ ደሴም የለችም።
የማቅለሚያው ገንዳ ግን ይሞቅ ነበር፣
ሰማያዊው ክር ቀለሙን ይጠጣ ነበር፤
ኩሬው ዳር ያለችው ትንሿ ሞተር
አራት አምፖል ይዛ ታጉረመርም ነበር።
ቦይለሬ ጥግ ላይ ቀዝቅዟል፤
የአያ ይመር ዶሮ ሠፍራበታለች።

ቧንቧውን በመዳፌ ያዝኩት።
የዛሬ ሙቀት አይደለም፤
የጥር ፀሐይ ነው፣ የታኅሣሥም አለበት፤
ጦይባ «ሃምሳ ዘጠኝ» ብላ ሁለቴ ያሰመረችበት
ያ የማክሰኞ ቀትርም ሳይኖርበት አይቀርም።
ከልማድ እጄ ወደ ቅንድቤ ሄደ።
አለ። አድጓል።